የዲኑ አስታራቂዎች

ባሌ አስቻለው ከዲንነቱ ልልቀቅ ሲል ይህ ሦስተኛው ነበር። በፊት ሁለት ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቢሮዋ አስጠርታ «ያላንተ እንዴት እንሆናለን?» ብላዋለች፤ እሱም ሁለት ጊዜ እሺ ብሎ ተመልሷል። እናቱ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያሉ ነው ያሳደጉት። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ያንን እሺ ተሸክሞ ሲጎብጥ የማየው እኔ ነኝ።

በዚህ ዓመት በበረዶው ወራት፣ ዴንቨር ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ያለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። የሞተ መስሎኝ ጮህኩ። ለካ እንቅልፍ ወስዶት ነው። ከመኪና ወርዶ ሳሎን ለመግባት አቅም አጥቶ ነው እንጂ ቤቱ እኮ ደርሷል። በነጋታው፣ ወይ ዩኒቨርሲቲው ወይ እኔ አልኩት። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ያስገባው በዚያው ሳምንት ነው፤ ከእንግዲህ ክፍል ገብቶ ማስተማር ብቻ።

ወሬው ሐበሻው ወደሚበዛበት ሞንትቤሎ ሰፈር ሲደርስ ግን መልኩን ለወጠ። በእኛ ሰው ዘንድ በገዛ ፈቃዱ ከሥልጣን የሚወርድ የለም፤ ወይ ይሻራል ወይ ይታሰራል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ እጄን ይዘው «አይዞሽ ፀዳል፣ ያልፋል» ይሉኝ ጀመር። ማንም አላባረረውም ብል፣ ባሏን ትሸፍናለች ብለው የባሰ አዘኑልኝ። በመጨረሻ ተውኳቸው።

የስንብቱ ቀን አርብ ከሰዓት፣ ዴንቨር ባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። አስቻለው ማመስገን ያውቅበታል። ጸሐፊውን፣ የላቦራቶሪ ሠራተኞቹን፣ ቧንቧ በፈነዳ ጊዜ በዚያ በረዶ ከኦሮራ ድረስ የመጣውን ጥገና ሠራተኛ፣ በየስብሰባው ሲሞግቱት የኖሩትን ፕሮፌሰሮች ሳይቀር እያነሣ አመሰገነ። እኔን አላነሣኝም። አልተቀየምኩም፤ የራስን ሰው በአደባባይ ማመስገን ለሱ ነውር ነው። ሲናገር በአንድ እጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ ነበር። ሰው አቋቋሙ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እንዳይወድቅ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ቀጥላ ፕሬዚዳንቷ ተነሣች። ተተኪ እስካሁን እንዳልተገኘ፣ አንድ ዓመት ብቻ ቢጨምርላቸው አሁንም ደስታዋን እንደማትችለው እየሳቀች ተናገረች። አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የባሌ ከንፈር መላቀቅ ሲጀምር አየሁት፤ ያንን ከንፈር አውቀዋለሁ። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደለበሱ ገቡ።

ከፊት የሚመሩት የደብራችን ሽማግሌ አባባ ወልደገብርኤል ናቸው። ሦስቱንም በስተርጅና አሜሪካ ያመጧቸው ልጆቻቸው ናቸው፤ ከታንክ ዩ ያለፈ እንግሊዝኛ የላቸውም። የአባባ ልጅ አውርዳቸው ወደ ሥራዋ ሄዳለች። ወንበር ቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም። እንግዳ ተቀባዮቹ ሌላ ወንበር አመጡ፣ ለስላሳ ነገር አነጠፉበት። አሁንም አልተቀመጡም። ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ እንደማይቀመጥ እነሱ ከየት ይወቁት?

አባባ ወደ ፕሬዚዳንቷ ዞረው ከወገባቸው ዝቅ አሉ።

«እመቤቴ፣ ልጃችን አጥፍቶ እንደሆነ ይቅር ይበሉልን። ወንበሩን ይመልሱለት። እሺ እስኪሉን አንቀመጥም።»

ፕሬዚዳንቷ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። እኔ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ለእናት የልጇን ሞት ስተረጉም እንኳ አንዲት ቃል ጨምሬም ቀንሼም አላውቅም። አሁን ግን ያሉትን ብነግራት እልል ትላለች። ከፊቱ ሽማግሌ፣ ከኋላው አለቃው፤ አስቻለው በዚህ መሐል ቆሞ ምን እንደሚል ደግሞ ማንም ያውቃል።

«ልጃችንን በክብር ስለሸኛችሁልን ልናመሰግን መጥተናል፤ ከእንግዲህ ይረፍ ይላሉ» አልኳት በእንግሊዝኛ።

ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። የአባባን እጅ በሁለት እጇ ይዛ እሷም ዝቅ አለች። ምን አለች ሲሉኝ፣ ጥፋት የለበትም፣ ወንበሩ ግን ለሌላ ታስቧል ትላለች አልኳቸው። ተመካከሩና ተቀመጡ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማው አስቻለው መሬት መሬቱን ያያል። አላረመኝም። ደስታዬ ወሰን አጣ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ ያለ መሰለኝ።

ሽማግሌዎቹን ወደ ሞንትቤሎ የምንመልሳቸው እኛ ነበርን። እኔ እነዳለሁ፣ አስቻለው አጠገቤ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፏል፣ እነሱ ከኋላ። ሃይዌይ እንደገባን አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አንዱን በር አይዘጋም አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ መልከጼዴቅ ቴክሳስ ከሄደ ወዲህ ሥራው ቆሟል፤ ምእመኑም ያለ አስቻለው ሰው አልታየውም አሉ።

መሪውን ጨበጥኩት። ኋላዬን የማይበት መስታወት ውስጥ የአባባ ፊት ይታየኛል። ክፉ ሽማግሌ አይደሉም። የባሌን ያዘመመ አንገት አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ግን ልጄ፣ ደክሞህ እንደሆነ ደክሞኛል በለን። እንኳን ልንቀየምህ እንመርቅሃለን።»

ከዚህ የሰፋ በር ለሰው ልጅ አይከፈትም። እባክህ፣ አልኩ በሆዴ። አስቻለው ከመስኮቱ ቀና ብሎ፣ ኮቱን አስተካክሎ፣ ወደ ኋላ ዞረ።

«ኧረ አባባ፣ ምን ሠርቼ ነው የሚደክመኝ? እሺ።»

መረቁት። አሜን አለ። ሞንትቤሎ ስንደርስ ቀድሞ ወርዶ በር ከፈተላቸው፣ አንድ በአንድ ደግፎ አወረዳቸው። ቤታችን ጋራዥ ገብቼ ሞተሩን ሳጠፋ እንቅልፍ ወስዶታል። አልቀሰቀስኩትም፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ስንት ዓመት ባሌን በላብኝ ብዬ ያማሁትን ዩኒቨርሲቲ አሰብኩ። ምንም አላደረገውም፤ ጠየቀው፣ እሱ እሺ አለ። ሽማግሌዎቹ ለማስታረቅ መጥተው ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። የታረቅነው ግን እኔና ዩኒቨርሲቲው ነን።