ሦስት ሰዓት የተባለው በረራ

ቲኬት ቆራጯ ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኛን ሁሉ ስታስጠነቅቅ የኖረችው አንድ ነገር ነው፦ «የመነሻው ሰዓት የዚህኛው ከተማ፣ የመድረሻው የዚያኛው ነው። አንዱን ካንዱ ቀንሳችሁ ይህን ያህል እበራለሁ እንዳትሉ!» ቀንሶ የመጣ መንገደኛ ካገኘች ደግሞ አትምረውም፤ አፏ እንደሆነ ለጉድ ነው።

ዛሬ ራሷ ቀነሰችው። ማን ያምናል?

እናቷ ማለዳ አንጀቷ ተጠማዝዞ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ ሆዷ ቶሎ መከፈት አለበት ቢል አሮጊቷ ሞቼ እገኛለሁ አለች። «ልጄን ሳላይ ቢላ አይነካኝም!» ልጇ፣ የቲኬት ቆራጯ ታላቅ ወንድም፣ ያለው ሌላ አገር ነው። በረራው ዘግይቶበት ረፋድ አራት ሰዓት ላይ «ተነሳን» ብሎ ደወለ። እህትየው የላከላትን ቲኬት በድንጋጤ አየች፣ ቀነሰች፣ ሦስት አገኘች።

«ሰባት ሰዓት ላይ ያርፋል» አለች፣ አፏን ሞልታ።

ሐኪሙ የአሮጊቷን ሆድ ዳሰሰና ፊቱን አጨፈገገ። «ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ እንጂ አልጠብቅም ነበር። ከሰባት ተኩል ካለፈ አንጀቱ ይሞትብናል።»

ለሰባት አሥር ጉዳይ ሲሆን ቲኬት ቆራጯ አረፈ ወይ ብላ ስልኳ ላይ የበረራ መከታተያውን ከፈተች። አውሮፕላኑ ገና ባሕር ላይ ነው። አንድ ሺህ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይቀረዋል። ለካ መንገዱ አምስት ሰዓት ኖሯል! የሁለቱን ከተሞች የሰዓት ልዩነት ረስታዋለች፤ እሷ፣ የሰው ሁሉ አስተማሪ!

«አረፈ እንዴ?» አለች እናቷ፣ ጥርሷን ነክሳ።

አርፏል፣ እየመጣ ነው፣ አንቺ ግቢ ልትላት ውሸቱ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እናቷ ዓይን ዓይኗን ታያታለች፤ ያቺን ሴትዮ ዋሽቶ ያመለጣት የለም።

«እማዬ፣ ተሳስቻለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚያርፈው። ሰዓቱን… ቀንሼው ነው።»

«ቀነስሽው?» አሮጊቷ ሳቅ ጀመራትና ሕመሙ አጥፎ ጣላት። «ያንን ሁሉ ሕዝብ ስትሳደቢበት የኖርሽውን?»

ቲኬት ቆራጯ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «እናቴ፣ ከዚህ በላይ መጠበቅ አንችልም» አለ።

አሮጊቷ ትንፋሿን ሰብስባ ወደ እሱ ዞረች። «ኦፕራሲዮኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሁለት ሰዓት ገደማ።»

«ልጄም ሁለት ቀርቶታል። እንግዲያ አብረን እንደርሳለን። አምጣ ወረቀቱን።» ፈረመች።

አልጋው እየተገፋ የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ጋ ሲደርስ የሴት ልጇን እጅ ጨምድዳ ያዘች።

«ስሚ፤ እሱ መጥቶ እኔ ሳልወጣ ብቀር፣ ስለ ሰዓቱ ትንፍሽ እንዳትዪ። እምቢ ያለችው እሷ ናት በዪው። ደግሞም እኔው ነኝ። ሰማሽ?»

አልጋው ገብቶ በሩ ተዘጋ።