ፀሐይ ግማሹን ነው የምትሞላው

ሰውዬው ኮፍያዬን አላወልቅም አለ።

«ሬሳ በወጣበት ቤት? ምን ነካህ ወንድሜ?» አሉት አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ።

«አባባ፣ ባወልቀው ለቀስተኛው ይስቃል። ኃጢአቱን እርስዎ ይሸከሙልኛል?»

ሽማግሌው የኮፍያውን ጫፍ ገለጥ አድርገው አዩና ቶሎ መልሰው ደፉለት። ቀኙ ሙልጭ ብሏል፤ ግራው ጎፈሬ ነው። የፀጉር አስተካካዩ ማሽን መሀል አናቱ ላይ ሲደርስ ቻርጁ አልቆ ቀጥ አለ። የሚሞላበት ክፍል ተቆልፏል። የክፍሉ ባለቤት ተቀብረዋል፤ ቁልፉም ልጃቸው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

ልጅቷ ጥግ ላይ ሆና ሁሉንም ታያለች። ከከተማ ለቀብር የመጣች ኤሌክትሪሺያን ናት። ሰዉ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ባቀፋት ቁጥር ከልብሱ ስር አንድ ደረቅ ነገር ይወጋታል። ምን እንደሆነ ያወቀችው አንዲት ሴትዮ ሻይ ለመቀበል ጎንበስ ስትል የእጅ ባትሪ ከጉያዋ ወድቆ በየሰዉ እግር መሀል ሲንከባለል ነው። ያ ሁሉ ለቀስተኛ መብራቱን ሸጉጦ ኖሯል የመጣው። ሐዘንተኛን «ክፈቺልን» የሚል ደፋር ግን ጠፋ።

እሷ ደግሞ በኪሷ የብሎን መፍቻ ይዛለች። ነገ ከመሄዷ በፊት የመሙያ ክፍሉን ሶላሮች ከጣሪያው አውርዳ ልትጭን ቆርጣለች። እዚህ ማን ይይዛቸዋል?

የሰቀለቻቸው ራሷ ነበረች። አባቷ፣ በመላጣቸው የተነሳ «ጋሽ አምፖል» የሚባሉት፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ጎልማሶችን ፊደል ላስተምር ብለው መንደሩን ቢጠሩ የመጣችላቸው አንዲት ፍየል ብቻ ነች ይባላል፤ እሷም ጠመኔውን በልታ ሄደች። መብራት መሙላት ሲጀምሩ ግን በሩ ተጨናነቀ። ቀድመው የመጡት እትዬ ቅርጫት ናቸው፤ ቀን ማሳ ላይ ስለሚውሉ ቅርጫታቸውን የሚሠሩት ሲመሽ ነው።

«ፀሐይ ግማሹን ነው የምትሞላው» አሏቸው ጋሽ አምፖል፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። «ግማሹን የሚሞላው ንባብ ነው። ካልተነበበለት ጎዶሎ ይቀራል።»

«እኔ የት አውቄ አነብለታለሁ?»

«አስተምርሻለሁ። መብራቱም ይታገሳል።»

ከዚያ ወዲህ መንደሩ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ ለየመብራቱ ሲያነበንብ ይውል ጀመር። ጋሽ አምፖልም ይጨምሩበታል፤ ስድብ ያነበበበትን ጎረምሳ መብራቱ አኩርፎት ከረመ፤ ግጥም የሰማች ፋኖስ ደግሞ ሳትለኮስ እየበራች ሰው እንቅልፍ አጣ። በዚህ ውሸት መሀል ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ከፈተ፤ የእትዬ ቅርጫት ሥራም በገዛ እጅ ጽሑፋቸው ዋጋ ተለጥፎበት ከተማ ይሸጥ ጀመር።

ልጅቷ ይህን ሁሉ የሰማችው ከለቀስተኛው ሹክሹክታ ነው። አባቷ አልነገሯትም።

ልጅ ሳለች ትራንስፎርመር ለምን እንደሚያጉረመርም ጠይቃቸው፣ «የነገ ትምህርቱን እያጠና ነው» ብለዋት ነበር። ምሰሶው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ትውል ነበር፤ ወደዚህ ሙያ የጎተታትም ያ ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብታ ግን አንድ ቀን «አባቴ እንዳለኝ» ብላ ብትጀምር፣ ክፍሉ እስኪመረቅ ድረስ ሳቀባት። ደውላ፣ «አባዬ፣ ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ» አለቻቸው። አባቷም ቃሏን አከበሩ። ከዚያ በኋላ ሲደውሉ የሚያወሩት ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ብቻ ሆነ።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል መሰላሉን አነሳች። ግድግዳው ላይ ስታስደግፈው እትዬ ቅርጫት መጥተው እግሩን ያዙላት።

«ልትፈቺው ነው ልጄ?»

«አዎ እትዬ። አባቴ ያታለላችሁ ይበቃል። መብራት ንባብ አይፈልግም።»

«እሱንማ እናውቃለን።»

ልጅቷ መሀል መሰላሉ ላይ ቆመች።

«አንድ ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘጋ። ዝም ብዬ ሰክቼው ሄድኩ፤ ሞልቶ ጠበቀኝ። ሌላውም እንዲሁ በየተራው ደረሰበት።»

«ታዲያ ዝም አላችሁት?»

«የምናነበው ታሪክ መሀል ላይ ነበርን። ያቺ የተሰወረችው ልጅ የት እንደገባች ሳላውቅ መጽሐፉን ትቼ ልሂድ?» እትዬ ቅርጫት ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ። «ደግሞ ሲዋሸን እንዴት ደስ እንደሚለው ብታዪ። ለማን ብለን እንቀማዋለን?»

ልጅቷ የመሰላሉን ደረጃ አጥብቃ ያዘች። እሷ ግን ቀምታቸዋለች።

«ክፍሉን ማን ይይዘዋል?» አለች።

«ሁሉም የራሱን ይሰካል። ዘበኛ አያስፈልገንም። ሽቦው ሲያስቸግር አንቺ ትመጫለሽ።»

መፍቻውን ከኪሷ ሳታወጣ ወረደች። ቁልፉን ካንገቷ አውልቃ ክፍሉን ከፈተች። ሰዉ መብራቱን ከጉያው እያወጣ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ከኋላዋ ተሰለፈ፤ ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን፣ ባለ ኮፍያውም ጭንቅላቱን ይዞ ከፊት ነበሩ። ቁልፉን በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀለችው፤ ማንም እጁ የሚደርስበት ቦታ ነው።

መደርደሪያው ላይ የአባቷ የእጅ ባትሪ አለ። ብትጫነው አልበራም። ከጎኑ፣ ያቆሙበት ገጽ ላይ ክር የገባበት መጽሐፍ ተቀምጧል። ባትሪውን ሰካችው። ቀዩ ምልክት ወዲያው በራ።

«ሳይነበብለት?» አሉ እትዬ ቅርጫት።

ልጅቷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ክሩን ጎተተችና መጽሐፉን ከፈተች። የመጀመሪያውን መስመር አነበበች። ሁለተኛው ላይ ቃላቱ ተምታቱባት።

«ቀስ በይ። አይቸኩልም» አሏት እትዬ ቅርጫት።

ባታነብለትም እንደሚሞላ ከማንም በላይ ታውቃለች። መስመሩን በጣቷ ይዛ፣ ባትሪውን ወደ አፏ ጠጋ አድርጋ ቀጠለች።