በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መሀል

«ታዲያ ዘይቱ ለምንድነው ትንሽ የሆነው?»

«ትልቁ አልቆ ነዋ።»

«ጨውስ? ሳሙናስ? ሱቁ ውስጥ ትልቅ ነገር በሙሉ አለቀ?»

ቱሪስቱ አፉን በዳቦ ሞላ። አፉ የሞላ ሰው አይጠየቅም ብሎ ነው። የእህቱን ልጅ እንዲህ በቀላሉ የሚሸውዳት ከመሰለው ግን፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ አብሯት የኖረው በከንቱ ነው። ቤት ውስጥ ዳኛዋ ነው የሚሏት፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ። ትንሿን ዘይት፣ ትንሿን ጨውና አንዲቷን ሳሙና ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ እግሯን እያወዛወዘች አፍጥጣበታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትየው ሊፍት ገጣሚ ነው። ኩባንያው አዲስ ፎቅ ወዳለበት ይልከዋል፣ ፎቁ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ አገር፤ ቤተሰቡም ጓዙን ጠቅልሎ ይከተላል። መቼ እንደሚሄዱ ለልጆቹ አይነገርም። ቀድመው ከሰሙ ቀድመው ያለቅሳሉ ባይ ነው አባትየው፤ ሻንጣው በር ላይ ሲደርስ ነው ወሬው የሚወጣው። ዳኛዋ ግን ምልክቱን ካወቀች ቆይታለች። እናቷ ትልቅ ዘይት መግዛት ስታቆም፣ አባቷ የሚንጠባጠብ ቧንቧ አይቶ እንዳላየ ሲያልፍ፣ በቃ፣ መንገድ አለ ማለት ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ደግሞ ሰሞኑን ጠብ ጠብ ማለቱን አላቋረጠም።

ቱሪስቱ የእናትየው ታናሽ ወንድም ነው። ለሁለት ሳምንት ጥየቃ መጥቶ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ ቀረ፤ ስሙም ከዚያ ወጣለት። የመሄዱን ነገር እህቱ ነግራው፣ ትንፍሽ ብትል እኔና አንተ አንተዋወቅም ብላ አስምላዋለች። ምስጢር ደግሞ እሱ ሆድ ውስጥ አድሮ አያውቅም። ከሰማ ጀምሮ መቀመጥ አቅቶታል። ፍሪጁን ከፍቶ ይዘጋል፣ መስኮቱ ጋ ይሄዳል፣ ተመልሶ ያንኑ ፍሪጅ ይከፍታል። እሱም ቢሆን መሄድ አልፈለገም። መኪና እጥበት ቤት ሥራ አግኝቷል፤ እዚያ ሂሳብ የምትቀበለው ልጅ ሰሞኑን ታሾፍበት ጀምራለች። እሱ ዘንድ ደግሞ የምታሾፍ ሴት ግማሹን መንገድ መጥታለች።

«አላለቅስም፣ ልማልልህ» አለች ዳኛዋ። «ከፈተናው በፊት ነው ወይስ በኋላ? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ዋናው ፈተናው ነው። አዲስ አገር በገቡ ቁጥር፣ አዲሱ ትምህርት ቤት ቋንቋ አትችልም ብሎ አንድ ክፍል ዝቅ ያደርጋታል። አሁን የምትማረው የወተት ጥርሳቸው ወልቆ ካላለቀ ልጆች ጋር ነው። ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሏት በጎን ነው የምትቀመጠው። አንድ ቀን የሆነ ወላጅ አስተማሪ መስላው ስለ ልጁ ጠባይ አማክሯታል፤ እሷም መክራዋለች። እሳተ ገሞራን በየአገሩ ተምራዋለች። ክፍልፋይ ማካፈል ግን በሄደችበት ሁሉ ወይ ገና ነው ወይ አልፏል። ዘንድሮ መምህርቷ ቃል ገብታላታለች፤ የዓመቱን መጨረሻ ፈተና ካለፈች ዘላ ከእኩዮቿ ጋር ትገባለች። ከዚያ በፊት ከሄዱማ ሌላ ዝቅታ፣ ሌላ እሳተ ገሞራ።

ቱሪስቱ ፍሪጁን ከፈተ። ዘጋ።

«በፊት ነው» አለ፣ ለፍሪጁ።

እውነትም አላለቀሰችም። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ዝም ስትል ከመጮኋ የባሰች መሆኗን ስለሚያውቅ፣ በነጠላ ጫማው እየተንሻፈፈ ተከተላት። ታች በሩ ላይ አባቷን ጠበቀችው። የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲመጣ ልያዝልህ አለችው፤ ደስ ብሎት መረቃት። ሦስቱም ሊፍት ውስጥ ገቡ። ሦስተኛውን ፎቅ እንዳለፉ ዳኛዋ ቀዩን ቁልፍ ተጫነችው። ሊፍቱ ነጠር ብሎ ቆመ። ቦርሳውን መሬት አስቀምጣ ላዩ ላይ ቁጭ አለች።

አባትየው መጀመሪያ ሳቀ። የቆመ ሊፍት እሱን አያስደነግጠውም። ቀዩ ግን አንዴ ከተጫኑት ያለ መፍቻ አይለቅም፣ ይሄንን ያስተማራት ራሱ ነው፤ መፍቻው ደግሞ ቦርሳው ውስጥ ነው።

«ማነው የነገረሽ?» አለ። ከዚያ ቱሪስቱን አየው። ቱሪስቱ ጣሪያውን አየ።

ዳኛዋ ክሷን አሰማች። ለዘላለም እንቅር አላለችም፣ ፈተናው እስኪያልፍ ብቻ ነው። አባቷ እዚህ ሥራው አልቋል አለ፣ ኩባንያው አይጠብቅም፣ እምቢ ካለ ቦታውን የሚፈልግ መዓት ሰው አለ። እዚያ የራስሽ ክፍል ይኖርሻል አላት። እሷም የራሷን ክፍል በየአገሩ ሰምታዋለች፤ እስካሁን ግን የምትተኛው እንደ አህያ ከሚራገጥ ታናሽ ወንድሟ ጋር ነው። ቱሪስቱ ጣልቃ ገባና በልጅ ትምህርት አይቀለድም አለ፣ ፊቱን አኮሳትሮ።

«አንተ ከትምህርት ቤት የምታውቀው አጥሩን ነው» አለው አባትየው።

ያም ሆነ ይህ፣ ነገሩ አልገፋ አለ። አባትየው ይንጎራደዳል፤ ሳጥኑ ደግሞ ለአንድ እርምጃ እንኳ አይበቃም፣ ስለዚህ ይዞራል እንጂ አይሄድም። ከላይ አንድ ጎረቤት በሩን ይደበድብ ጀመር። ቆየት ብሎ የእናትየው ድምፅ መጣ፣ ከአራተኛው ፎቅ በር ስንጥቅ፣ ከጭንቅላታቸው በላይ። ምን ሆናችሁ አለች። ቱሪስቱ ጮክ ብሎ ሁሉንም ነገራት፣ ምስጢሩን ያወጣው ማን እንደሆነ ብቻ ዘለለ።

አባትየው እፎይ አለ። ንገሪያት እስቲ፣ ተስማምተን የለም ወይ፣ አላት።



«ነገርከኝ እንጂ አልጠየቅከኝም» አለች እናትየው ከላይ። «ልጄ ሳትፈተን ንቅንቅ አትልም። እኔም።»

ዳኛዋ ተነስታ ቦርሳውን ለቀቀች። አባትየው ግን መፍቻውን አላወጣም። ቱሪስቱ ሶፋው፣ እጥበት ቤቱና ሂሳብ ተቀባይዋ ልጅ በየቦታቸው ሊቀሩለት መሆኑን ሲያይ፣ ሳቁን ለመደበቅ ውሸቱን ሳለ።

አባትየው ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። ይቆጣል ሲባል ድምፁ ቀጠነ። እዚያ አገር ብቻውን ባዶ ቤት ገብቶ ከግድግዳ ጋር ሊያወራ ነው፤ ጠዋት የሚቀሰቅሰው እንኳ የለም።

«ታዲያ ከማን ጋር ልሂድ?» አለ ወደ ላይ አንጋጦ።

«ወንድሜን ይዘኸው ሂድ» አለችው እናትየው።