ብርሃን የሚያመው ፈረስ

ግሌኒስ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው ሰማዩን ነበር። ከደመነ እፎይ ትላለች፤ ከጠራ ቁርስ ሳትቀምስ ወደ ጋጣው ትሮጣለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖራለች። ፍሊንት የሚሉት ዳማ ፈረሷ የፊቱ ነርቭ ታሞበት፣ ፀሐይ በበረታች ቁጥር አፍንጫው ውስጥ ንብ የገባበት ይመስል ራሱን ወደ ላይ እየወረወረ ይሰቃያል።

ያልሞከረችው የለም። የአፍንጫ መረብ፣ የዓይን መሸፈኛ፣ ሁለት ዓይነት ክኒን፣ ከሜልቦርን ድረስ የመጣ ስፔሻሊስት። መጨረሻ ላይ የጋጣውን መስኮት በጥቁር ሸራ ጋርዳ ቀን ቀን እዚያ ታውለው ጀመር። በኦሜዎ ተራሮች ከብት ሲያሯሩጥ የኖረ ፈረስ አሁን ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ስትገባ ጆሮውን እንኳ አያቆምላትም።

"ልንገርሽ?" አላት ባሏ ዴዝ ረቡዕ ጠዋት፣ ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባ። "አንቺም አብረሽው ጨለማ ቤት ከገባሽ ሦስት ዓመትሽ ነው።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ልግደለው?"

"ግደይው የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል?"

"አፍህማ ዝም ብሏል። ዓይንህ ነው የሚለፈልፈው።"

"ለአፌ መቼ ተራ ሰጥተሽው ታውቂያለሽ!" አለና ቅቤ የተቀባውን ዳቦ ወደ እሷ ገፋው። ግሌኒስ አልነካችውም። ስልኳን አንስታ ለእንስሳት ሐኪሟ ለብራይዲ ደወለች።

ብራይዲ ሐሙስ ፈረሱን የምታሳርፍበትን መርፌ ይዛ ስትመጣ ሰማዩ ደምኖ ነበር። ፍሊንት መስኩ ላይ ተለቆ ሣሩን እየነጨ ነው። ግሌኒስን ሲያያት ቀስ እያለ መጥቶ ትከሻዋን በግንባሩ ገፋ አደረጋት።

"እይው እስቲ" አለች ግሌኒስ። "ይሄ የሚሞት ፈረስ ነው?"

"ደህና ቀኑ ነው፣ ግሌኒስ። የባሰበትን ቀን ከምንጠብቅ እንዲህ ደህና ሆኖ ቢያርፍ ይሻለዋል።"

"ሣር እየጋጠ? አልችልም። ስላለፋሁሽ ይቅር በይኝ ልጄ፣ አልችልም።"

ብራይዲ አልተከራከረችም። "ስትፈልጊ ደውይ፤ እሁድም ቢሆን" ብላ ሄደች።

ዓርብም ቅዳሜም እንደደመነ ዋለ። ግሌኒስ ጋማውን አበጠረችለት፤ ምናልባት እየተሻለው ይሆን ብላም አሰበች። ቅዳሜ ማታ መስኩ ላይ እንደተለቀቀ ተወችው። በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ጣላት።

ስትነቃ ረፍዷል፤ ፀሐይዋ ወጥታለች። በሌሊት ልብሷ ላይ ጃኬት ደርባ ሮጠች። ፍሊንት ፊቱን ከአጥሩ ግንድ ጋር ሲፈትግ አርፍዶ፣ የአፍንጫው ቆዳ ተልጦ ደም ይንጠባጠባል። ሽቦው ተበጥሷል። ስትጠጋው አላወቃትም፤ በትከሻው ገጭቶ ዘረራት። አልተናደደችም። ለመናደድ የሚሆን ጉልበት አልነበራትም።

"ደክሞኛል" አለችው ሣሩ ላይ እንደተቀመጠች። "አንተም ደክሞሃል አይደል?"

ተነስታ ጃኬቷን ራሱ ላይ ጣል አደረገችለት። እየመራች ጋጣ አስገብታው ለብራይዲ ደወለች።

ብራይዲ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች። "እዚሁ ጨለማው ውስጥ አይሁን" አለቻት ግሌኒስ። መጀመሪያ የሚያደነዝዘውን መርፌ ወጉት። ራሱን መወርወር ሲያቆም ወደ ባሕር ዛፎቹ ጥላ አወጡት። ገመዱን ግሌኒስ ያዘች። ፍሊንት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሣሩን አሸተተ። ሁለተኛው መርፌ ሲገባ ጉልበቱ ታጠፈ፤ ሲወድቅ መሬቱ ከእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ። ብራይዲ አጠገቡ ተንበርክካ የልቡን ምት አዳመጠች። "አረፈ" አለች።

"ሐሙስ ቢሆን ኖሮ…" አለች ግሌኒስ።

"አዎ። ይሄኛው ስቃይ ይቀርለት ነበር። ግን ሐሙስ ብናደርገው ኖሮ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ትጠራጠሪ ነበር።"

ግሌኒስ ራሷን ነቀነቀች። ቤት ገብታ ከነቦት ጫማዋ አልጋ ላይ ወደቀች። አሥር ሰዓት ላይ ስትነቃ ጫማዋ ወልቋል፤ ዴዝ ወጥ ቤት እንቁላል እየጠበሰ ነው።

"ጎረቤታችን በኤክስካቫተሩ ቆፈረልን። ቀብረነዋል" አላት። "አሁን ታለቅሻለሽ ወይስ ትበያለሽ?"

"ልብላ" አለች።

ሳህኑን ጠርጋ በላች። ጭማሪ ጠየቀች። እሱ ሁለተኛውን እንቁላል ሲሰብር፣ ሹካዋን እንደያዘች ለቅሶው መጣ።