የኋለኞቹ ውሃ

በብስክሌት ውድድር ሁሉም ለራሱ የሚጋልብ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ልጆቼ፣ እስቲ የዚህችን ሴት ነገር ላውጋችሁ። የቡድን ጓደኞቿ «እማዬ» ይሏታል። አርጅታ አይደለም፤ ከመካከላቸው የወለደች እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። ልጇ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር፣ እሷም እንደ ልጇ ድክ ድክ እያለች ወደ ብስክሌቷ ተመለሰች።

ሥራዋ ውሃ ማመላለስ ነበር። በየቡድኑ አንዲት አውራ አለች። ሌሎቹ ነፋስ ይከልሉላታል፣ ውሃ ያቀርቡላታል፣ ጎማዋ ቢተነፍስ የራሳቸውን ፈተው ይሰጧታል። የእነእማዬ አውራ «ጢያራ» የሚሏት ቀጭን ልጅ ናት፤ እግሯም ምላሷም የፈጠነ። እማዬ ወደ ኋላ ትቀርና ከአሰልጣኙ መኪና መስኮት ኮዳ ትቀበላለች። ከዚያ የጀርባ ኪሷንም፣ ማልያዋንም ከፊት ከኋላ ጠቅጥቃ፣ እንደ እርጉዝ ተነፋፍታ ወደ ፊት ትመለሳለች።

«ሁለተኛውን አረገዝሽ እንዴ?» ይላታል መካኒኩ ከኋላ ወንበር አንገቱን አስግጎ።

«አዎ፤ አባቱ ባልሽ ነው ብዬ ለሚስትህ እነግርልሃለሁ።»

ውድድሩ የዓመቱ የመጀመሪያ ነው። ሦስት ቀን ከከተማ ወደ ከተማ ይጋለብና፣ የሦስቱ ቀን ሰዓት ተደምሮ አሸናፊዋ ትለያለች። ከረጅም እረፍት የወጣ ገላ ቶሎ አይፍታታም፤ ሁሉም ዘይት እንዳልነካው ማጠፊያ ይንቋቋ ነበር። የእማዬ ግን ባሰ። በመጀመሪያው ቀን ዳገቱ ላይ ተንጠባጥባ ቀረችና ከመጨረሻዎቹ ጋር ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ አሰልጣኙ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ወሬ መናገር ግን አይሆንለትም። ዳቦውን ሳይበላ ይፈረፍረዋል።

«ስሚኝ፣ እህቴ። ለዘንድሮ ከምይዛቸው ልጆች አንድ ሰው ይተርፈኛል። መቀነሴ አይቀርም።»

«እኔን ነው?»

«ገና አልወሰንኩም። ዛሬን አሳዪኝ።»

የእንቁላሉን ሳህን ገፋ አደረገች። ባሏ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ ልጁን ታቅፎ ቤት ቀርቷል። ሲሸኛት «ሂጂ፣ እኔና እሱ ወንድ ለወንድ እንተዋወቃለን» ነበር ያላት። አሁን ምን ብላ ትደውልለት?

ረፋዱ ላይ ሰፊ ሜዳ ላይ እንደወጡ ነፋስ ከጎን መጣባቸው። የጎን ነፋስ ባለጌ ነው። ከፊት የሚመጣ ነፋስ ቢሆን ሰው ከሰው ጀርባ ይጠለላል፤ ከጎን ሲመጣ ግን ጋላቢዎቹ መንገዱን ሰያፍ ይዘው፣ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ነው የሚከላለሉት። መንገዱ ከሞላ ለቀሩት ቦታ የለም። እነዚያ በጠርዙ ላይ ለየብቻቸው ይንገላታሉ፤ ያኔ ጭፍራው እንደ ክር ይበጠሳል።

ሲበጠስ እማዬ የት ነበረች? መኪናው መስኮት ላይ፣ ኮዳ እያጨቀች። ቀና ብትል ፊተኞቹ ሄደዋል። ጢያራ ከእነሱ ጋር ናት፤ የቀሩት የቡድኑ ልጆች ደግሞ ከእማዬም ኋላ ተንጠባጥበዋል። የተፎካካሪው ቡድን ብጫ ለባሾች ግን ሦስት ሆነው ፊት አሉ። ሦስት ለአንድ! አንዷ ታመልጣለች፤ ጢያራ አሳድዳ ስትይዛት ሌላዋ ትነሳለች። እንዲህ እየተፈራረቁ ይጨርሷታል።

የአሰልጣኙ መኪና ወደ ፊት ሲያልፍ በመስኮቱ ጩኸት ወጣ። «ጢያራ ብቻዋን ናት! አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንተ እኮ ነህ የላክኸኝ!» አለች፤ የሰማት አቧራው ብቻ ነበር።

አብረዋት የቀሩት ከየቡድኑ የተራረፉ ናቸው። መጋለቡን ትተው ይነታረካሉ።

«ተራሽ ነው፣ ውጪ!»

«አሁን ወጣሁ እኮ! ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትጋልቢው?»

«ከጠዋት ጀምሮ የሰው ጀርባ ላይ ተጣብቀሽ፣ ደግሞ ትናገሪያለሽ?»

መኪኖቹ ሁሉ ስላለፏቸው ውሃ የሚያቀብላቸው የለም። አንዲት ረጅም ቀይ ለባሽ ኮዳዋን ገልብጣ ነቀነቀችው፤ ጠብ አላለም።

የእማዬን ሆድ ግን የታጨቀው ኮዳ ያቀዘቅዘዋል። አደራ ነው፤ የቡድኑ ውሃ ነው። ደግሞ አሰበች፦ ጢያራ አሁን መኪናው ከጎኗ ነው፣ ውሃ አታጣም። ያጣችው ሰው ነው። እኔ ደግሞ ብቻዬን ይህን ነፋስ ሰንጥቄ አልደርስባትም። እጇን ወደ ማልያዋ ሰደደችና አንዱን ኮዳ አወጣች።

«እንኪ» አለቻት ረጅሟን።

ረጅሟ ኮዳውን አየች፣ ሴትዮዋን አየች። «መርዝ አለው?»

«አለው። የጠጣ ሰው ተራውን ይሠራል።»

ከጎናቸው ያለችው ሳቀች። ረጅሟም እየሳቀች ተጎነጨችና ለሚቀጥለው አቀበለች። እማዬ ሌላም አወጣች፣ ሌላም። «አጭር አጭር ነው እንግዲህ! ማንም ጀግና እንዳትሆን። ብቅ በይ፣ ተመለሺ፣ እረፊ። ፊት ያሉትን ከያዝን በኋላ እንጣላለን።»

መጨረሻ ላይ አንዲት ብጫ ለባሽ ለግላጋ ልጅ ነበረች። ጓደኞቿ ፊት ስለሆኑ እነዚህን መርዳት አይገባትም፤ ዝም ብላ ትከተላለች።

«ለሷ እንዳትሰጪ!» አለች ረጅሟ። «አንዴ እንኳ ፊት አልወጣችም።»

እማዬ ወደ ኋላ ቀርታ ከልጅቷ ጎን ሆነች። የልጅቷ ከንፈር ተሰነጣጥቋል።

«ፊት ወጥቼ መጎተት አልችልም» አለች ልጅቷ ሳትጠየቅ። «አሰልጣኜ ይገድለኛል።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ጥማት ማልያ አይመርጥም፤ ጠጪ። ሰልፋችንን ብቻ አታበላሺብን።»

«አላበላሽም።»

ልጅቷ ብትፈልግ ኖሮ መሃል ገብታ፣ ፍጥነት ቀንሳ፣ ሰልፉን ትበጥሰው ነበር፤ እንዲህ ያለው ተንኮል በዚህ ሥራ የተለመደ ነው። እሷ ግን ቃሏን ጠበቀች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ዜማ ያዘ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ስትመለስ፣ ጎማው በአንድ ድምፅ ያፏጫል። የእማዬ እግር ዳገት ላይ እንጂ ሜዳ ላይ ሰነፍ አልነበረም፤ እየሞቀ ሲሄድ የድሮ ጉልበቷ ከሄደበት የመጣ መሰላት።

ጆሮዋ ላይ በተሰካው ሬዲዮ የአሰልጣኙ ድምፅ ተንኮሻኮሸ። «የት ነሽ?»

«እየመጣን ነው።»

«እየመጣን? ከማን ጋር?»

እማዬ ተራዋ ደርሶ ፊት ወጣች።

ከመጨረሻው ዳገት በፊት ደረሱባቸው። ጢያራ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ሦስቱ ብጫዎች አዙረው አዙረው አድክመዋታል። እማዬ ከጎኗ ስትደርስ ጢያራ ቃዥታ ያየቻት መሰላት።

«ከየት መጣሽ? ውሃውስ?»

«አልቋል።»

«ማን ጠጣው?»

እማዬ በአገጯ ወደ ኋላ አመለከተች። «እነሱ።»

ጢያራ ዞር ብላ ቀዩንም፣ አረንጓዴውንም፣ ብጫውንም አየች። «አንቺ ሴትዮ ለይቶልሻል!» አለችና ያ የደከመ ፊቷ በሳቅ ፈካ።

«ሳቁን ተይና ኋላዬ ግቢ።»

ዳገቱ ላይ እማዬ ነፋሱን በደረቷ ተቀበለች። አንደኛዋ ብጫ ስትነሳ እሷ ሄዳ ያዘቻት፤ ሁለተኛዋን ግማሽ ድረስ አሳደደች። ከዚያ እግሯ እንጨት ሆነ። ወደ ጎን ገለል አለችና «ሂጂ!» ብላ ጮኸች። ጢያራ ሄደች። በአንድ ጎማ ተቀድማ ሁለተኛ ገባች፤ ግን ብዙ ሰዓት አልተበለጠችም፣ ነገም አለ። እማዬ ራሷ ብዙ ቆይታ ነው የደረሰችው፤ ረጅሟ ከመስመሩ ማዶ ቆማ ታጨበጭብላት ነበር።

አሰልጣኙ ከመኪናው ኋላ ጠበቃት። እጁን ወገቡ ላይ አድርጓል።

«የቡድኑን ውሃ ለተፎካካሪ አደልሽ።»

«አደልኩ።»

«ለብጫዋም ጭምር!»

«ጠምቷት ነበር።»

«ሳትጠይቂኝ!»

«ብጠይቅህ እንቢ ትለኝ ነበራ፣ ጋሼ።»

መካኒኩ ጎማ የሚጠርግ መስሎ ሳቁን ዋጠ። አሰልጣኙ መኪናው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «የቀዮቹ አሰልጣኝ መጥቶ አመሰገነኝ። ያኔ ምን እንዳደረግሁ እንኳ አላወቅሁም፤ ዝም ብዬ ጨበጥኩት።» ስልኩን አወጣ። «ልብስ ሰፊው የዓመቱን ማልያ ሊጀምር ነው። የልብስ ልክ ላኩ እያለ ይነዘንዘኛል። ያንቺ ስንት ነው?»

እማዬ የተለጠጠ ማልያዋን ወደ ታች ሳበች። «የድሮውን ነው የምነግርህ፣» አለች፣ «ወይስ ከወሊድ በኋላ ያለውን?»

«ያሁኑን ነዋ» አለ አሰልጣኙ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «ዛሬ የጋለበችው የአሁኗ ናት።»