«እንዳይጠፋ» የሚል ዲስክ

«እሺ በለው እንጂ! ምን ያስፈራሃል?» አለች የልጁ አክስት፣ ጣቷን ወደ ቁልፉ እየሰደደች።

ኮምፒውተር ጠጋኙ እጇን አፈፍ አድርጎ ያዘ። «ኧረ እትዬ፣ በፈጠረዎት! ‹ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ላጥፋው ወይ?› እኮ ነው ኮምፒውተሩ የሚለው።»

«መጠየቁስ ምን የሚሉት ድፍረት ነው!» ብላ ለእንግዶቹ ሻይ ልታቀርብ ወደ ሳሎን ተመለሰች።

ልጅየው አልሳቀም። አባቱ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከግድግዳው ማዶ ለቅሶ ደራሾች «ሰው አስቀይሞ የማያውቅ!» እያሉ ሟቹን ያነሳሳሉ። እሱ ጓዳ ገብቶ ከአባቱ ትራስ ሥር ያገኛትን አንዲት ፍሎፒ ዲስክ ጠጋኙ ፈላልጎ ባመጣው ማንበቢያ ያስገባል፣ ያወጣል። አዲሱ ኮምፒውተር አምስቴ ሞክረውት አምስቴም ባዶ ናት ብሏል።

አባቱ በየቀኑ የሰው ማመልከቻ ሲተይብ የኖረ ነው። በይቅርታ መጠየቂያማ የሚስተካከለው አልነበረም። ባል ለሚስቱ፣ ሠራተኛ ለአለቃው፤ ድንጋይ የሚያባባ ቃል ከጣቱ ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የወር ሥራ የያዘ ዲስክ ባዶ ሆኖ ተገኘ። «አንተ ነህ ያጠፋኸው!» ብሎ ልጁን በደንበኞች ፊት በጥፊ አጮለው። «አልነካሁም» ቢል ማን ሰምቶት። ልጁ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ከቤት ወጣ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት፣ ሲገናኙም ለእግዜር ሰላምታ ያህል ብቻ።

በዚህች ዲስክ ላይ በአባቱ እጅ «እንዳይጠፋ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ቀን አለ፤ ልጁ በወጣ በዘጠነኛው ቀን። አባቴ አምኖኝ ይሆን የሞተው? ይህችን ብቻ ማወቅ ይፈልጋል።

«በተነበበች ቁጥር ትፋቃለች፣ ወንድሜ። ይህ ሙከራ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል» አለ ጠጋኙ።

«ሞክር።»

ማንበቢያው እንደ ወፍጮ አጉረመረመ። አንድ ፋይል ብቅ አለ፤ ሲከፈት ግን ዶሮ የጫረው መሬት መሰለ።

«አይዞህ፣ ፊደሉ የድሮ ስለሆነ ነው» ብሎ ጠጋኙ አሮጌውን ፊደል ጫነበት። ጭረቱ ቃል ሆነ።

«ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ። ልጄ፣ ዲስኩ የተበላሸው በራሱ ነው። ከዚያው ካርቶን የወጡት ሌሎቹም ባዶ ሆነዋል። አንተ አልነካህም።»

ከዚያ በታች የፊርማ ቦታ። ሌላ የለም። ለባዳ ሁለት ገጽ የሚሞላ ሰው!

«በዘጠኝ ቀን ዐውቆታል» አለ ልጁ። «ዐውቆ አሥራ አራት ዓመት!»

«አንዳንዱ ሰው አፉ ለራሱ አይፈታም» አለ ጠጋኙ ቀስ ብሎ።

አክስቱ በበሩ ብቅ አለች። «ተገኘ? ምን ይላል?»

ልጁ ወደ እሷ ዞረ። «አንድ ደንበኛ ነው፣ አክስቴ። ይቅርታ የሚጠይቅ።»

«አዬ ወንድሜ! ትራሱ ሥር እንኳ የሰው ጉዳይ!» እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ወደ ሳሎን ተመለሰች።

«ቀድቼልሃለሁ» አለ ጠጋኙ ዲስኳን አውጥቶ እየሰጠው። «ይቺን መጣል ትችላለህ።»

ስትሽከረከር ቆይታ ሞቃለች። ልጁ እስክትበርድ ድረስ በሁለት መዳፎቹ መሃል ይዟት ተቀመጠ።