ከዲኤክሷ ስር

ተስፋጽዮን ዲኤክስ መኪናውን ለማንም አይሰጥም። ለሐኪም ቤት ቢሉት፣ ለለቅሶ ቢሉት፣ መልሱ «እኔው አደርሳችኋለሁ» ነው። ሽማግሌዎች ሀይሚን ሊጠይቁለት ወደ አባቷ ቤት ሲሄዱም፣ ጠያቂው ልጅ በወጉ አብሮ እንደማይሄድ እያወቀ መሪውን ራሱ ጨበጠ። ሀይሚ «አባቴ እንዳያይህ!» ብላ አስጠንቅቃዋለች፤ እሱም ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ሾፌር ሆነ።

ጥፋቱ ሌላ ነበር። ክረምት ሊገባ ነው ብሎ፣ ዝገት እንዳይበላት፣ በዋዜማው ላምበረት አንድ ላቫጆ ወስዶ የመኪናዋን ሆድ የተቃጠለ ዘይት አስረጭቷል። የሀይሚ አባት ጋሽ ወልደጻድቅ ደግሞ ሰው አክባሪ ናቸውና፣ የእንግዳ መኪና ውጭ አይቆምም ብለው አትላስ ጀርባ ያለውን ግቢያቸውን ወለል አድርገው ከፈቱ። ግቢው ነጭ ሴራሚክ ነው። ከተነጠፈ ገና ሳምንቱ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ሳሎን ቆሙ። የተስፋጽዮን አጎት ጋሽ ቢተው «ልጃችን ጥንቁቅ ነው፤ በደረሰበት ሁሉ እድፍ አይተውም» ሲሉ በመስኮቱ ይሰማል። ከመኪናዋ ስር ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ። ተስፋጽዮን መሐረቡን አነጠፈ፤ አልበቃም። አዲሱን ኮቱን አውልቆ ሊያነጥፍ እየተሳበ ከስር ገባ።

ጋሽ ወልደጻድቅ ሚስታቸውን ሊጠሩ ሲወጡ ያዩት ሁለት እግር ነው።

«አንተ ሾፌር! ዘይት ታፈሳለች እንዴ?»

«ኧረ አታፈስም ጋሼ! ለዝገት ተቀብታ ነው።»

ዝገት ሲባል ሰውየው ሚስታቸውን መጥራቱን ረሱት። የድሮ ቮልሳቸውን ወለሏን ዝገት በልቶት፣ በእግራቸው መሐል አስፋልት እያዩ ነድተዋታል። ጋቢያቸውን ጥለው ጎንበስ አሉ፤ ቀጥሎ ተጋደሙ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሻንሲውን ይዳስሱ ጀመር። ሳሎን የቆሙት ሽማግሌዎች እግራቸው ዛለ።

«ያንተ ናት?»

ተስፋጽዮን በሕይወቱ እንደዚያ የከበደው ቃል የለም። «የ... የልጁ ናት። ልጅዎን የሚጠይቀው።»

«እና ራሱ ጎንበስ ብሎ አያያትም? ለመኪናው ሰው የሚልክ፣ ነገ ለልጄም ሰው ሊልክላት ነው? ቆይ፣ ገብቼ እምቢ ነው የምላቸው!»

ተስፋጽዮን ኮፍያውን ከራሱ አወለቀ። በአንዲት ኮፍያ የተነሳ ሀይሚን ሊያጣት ነው።

«ጋሼ፣ የኔ ናት። ልጁም እኔ ነኝ።»

አንዲት ጠብታ ጋሽ ወልደጻድቅ ግንባር ላይ አረፈች። ሊጠርጓት ሲሞክሩ ፊታቸውን በሙሉ አዳረሰች።

እንደዚያው ጠቁረው ሳሎን ሲገቡ፣ ጋሽ ቢተው ድብድብ የተነሳ መስሏቸው ክው አሉ።

«በሉ ተቀመጡ!» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ። «ልጁን አይቼዋለሁ፤ ለራሱ ነገር ራሱ ጎንበስ ይላል፤ ፈቅጃለሁ። ሴራሚኩን ግን ዛሬውኑ ያጥበዋል።»

ሀይሚ ባልዲና ሳሙና ይዛ ወጣች። ተስፋጽዮን እስከ ጆሮው ዘይት በዘይት ሆኖ ቆሟል።

«አባቴ እንዳያይህ አላልኩህም?»

«የት አየኝ? ከስር ነበርኩ'ኮ» አላት፣ ባልዲውን እየተቀበላት።